ሊጉ ወደ ድሬ ሲወርድ

ድሬዳዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐረርጌ ተራሮች ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። በአንዱ ዳር ባቡር ጣቢያውና በዛፍ ጥላ የተሸፈኑት ቀጥ ያሉ የከዚራ መንገዶች አሉ። በሌላው ዳር መጋላና ቀፊራ ናቸው። ቀፊራ የድሬ ትልቁ ገበያ ነው። ከደጋው ሽንኩርትና ድንች፣ ከአትክልት ቦታው ማንጎና ፓፓያ፣ ከቆላው ፍየልና የግመል ወተት የያዘ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛና ዓረብኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይሰማሉ።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቹን፣ አሠልጣኙን፣ ዳኛውንና ካሜራውን ይዞ ወደዚህች ከተማ ወረደ። ውድድሩ አንድ ከተማ ላይ እየሰፈረ፣ ጥቂት ሳምንት እየተጫወተ፣ እንደገና ወደ ሌላው ከተማ እየተሻገረ የሚካሄድበት ዘመን ተጀምሮ ነበር። ለብዙ ወጣት ተመልካች ይህ አዲስ ነገር ነበር። በቴሌቪዥን ብቻ ያያቸውን ክለቦች በሙሉ በእግሩ ሄዶ የሚያይበት ሜዳ ላይ አገኛቸው። ድሬዳዋ ግን በኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ብቻ ሆና አታውቅም። ከስልሳ ዓመት በፊት የሀገሪቱ ዋንጫ ቤቱ እዚህ ነበር። ይህ ትረካ ዋንጫው እንዴት እንደመጣ፣ እንዴት እንደራቀና ሊጉ ተመልሶ ሲመጣ ለከተማዋ ምን ይዞ እንደመጣ ይከተላል።

ባቡር የቆረቆራት ከተማ

ታሪኩ የሚነሳው ከሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ መሀል አገር የሚዘልቀው የባቡር መስመር ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው መስመሩ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ነገር ግን የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ከቆላው ሜዳ ላይ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረ። ኩባንያው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ብሎ ሰይሟት ነበር፤ ሕዝቡ ድሬዳዋ አላት፤ የጸናውም ይኸው ነው።

ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ ጉዞውን እስኪቀጥል ድረስ ለዓመታት ድሬ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። በዚህ ጊዜ ውስጥ የባቡሩ ጋራዥና ወርክሾፕ፣ የጉምሩክ መጋዘኑና የነጋዴው ሱቅ ተተከሉ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ከኢትዮጵያዊው ጋር ጎን ለጎን ሠሩ። ከዚህ የወጣው በወር ደመወዝ የሚኖር፣ ሥራው በሰዓት የሚጀመርና በሰዓት የሚያልቅ የከተማ ሠራተኛ ነው። እግር ኳስ በዓለም ላይ የተስፋፋው በእንዲህ ያለው ሠራተኛ መካከል ነው። ሥራ ሲያልቅ የሚቀር ጊዜ፣ አብሮ የሚሠለፍ ጓደኛ፣ ማልያ የሚገዛ ድርጅት ያለበት ቦታ ኳስ ሥር ይሰዳል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በከተማዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ በኢትዮጵያም የመጀመሪያው ነው። ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በዚህችው ከተማ አደገ። ሁለቱ ፋብሪካዎች ለሀገሪቱ ሲሚንቶና አቡጀዲ ብቻ ሳይሆን ሁለት ታላላቅ የኳስ ቡድኖችም እንደሚሰጧት ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

ዋንጫው ከአዲስ አበባ ሲወጣ

የሀገሪቱ ውድድር በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ውድድሩ በአንድ ከተማ፣ እንዲያውም በአንድ ሜዳ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ዋንጫው በዋና ከተማዋ ቡድኖች፣ በተለይም በጦር ሠራዊቱ ቡድን እጅ ቆየ።

ይህን የለወጠው ክፍላተ ሀገር ወደ ውድድሩ መግባታቸው ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ በጣሊያኖች ዘመን ኳስን ጠንቅቀው የተማሩት የአስመራ ቡድኖች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሐማሴን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1957 ደገመ፤ በ1958 አካለ ጉዛይ፣ በ1959 ደግሞ የአስመራው ቴሌ ተከተሉ። አዲስ አበባ የነበራትን ብልጫ በሰሜኑ ከተማ ተነጠቀች። ቀጥሎ የመጣው ከምሥራቅ ነው።

ስድስቱ ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1960 የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ኮተን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 ዋንጫውን የወሰደው ኢትዮ ሲሚንት ነው፤ እርሱም የድሬዳዋ ነው። በ1962ና በ1963 ኮተን፣ በ1964 ኢትዮ ሲሚንት፣ በ1965 እንደገና ኮተን። ስድስት ዓመት ሙሉ የሀገሪቱ ዋንጫ ከድሬዳዋ አልወጣም። ኮተን አራቱን፣ ሲሚንት ሁለቱን ወሰዱ። ዋንጫው የተዘዋወረው ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ፋብሪካ ነበር።

ዛሬ ይህን ዝርዝር የሚያይ ሰው ሊደነቅ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በሙቀቷ የምትታወቅ፣ ከተቆረቆረች ገና ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናት ከተማ የቤተ መንግሥቱን ከተማም የአስመራንም ቡድኖች አስከትላ ስትመራ ኖረች። ምስጢሩ ከፋብሪካው ግቢ ይነሳል። ፋብሪካ ለተጫዋች ሥራ ይሰጠው ነበር፤ ሥራው ደመወዝ፣ ደመወዙ ደግሞ የኑሮ ዋስትና ነበር። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫውቶ መኖር ለማይታሰብበት ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሀገሪቱ ካሉት ምርጥ ተጫዋቾች መካከል አንዳንዶቹ ወደ ድሬ የወረዱት በዚህ ነው።

ከነርሱ ዋነኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አስመራ ተወልዶ ያደገው ይህ ተጫዋች በእነዚያ የድል ዓመታት ለኮተን ተሰልፎ ተጫውቷል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል እርሱ ነበር፤ ዋንጫውንም ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሀገሪቱ የአህጉሩ ሻምፒዮን በነበረችበት ዘመን የሀገሪቱ ሻምፒዮን የድሬዳዋ ክለብ ነበር።

አፍሪካ በድሬዳዋ ሜዳ

ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ ከእ.ኤ.አ. 1966 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ ዋንጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ድሬ ግን ከታላላቅ ጨዋታዎች አልራቀችም። በጥር 1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዘጋጅ ውድድሩ በአዲስ አበባና በአስመራ ተከፍሎ ተካሄደ። ከስምንት ዓመት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ስታዘጋጅ የአዲስ አበባ አጋር እንድትሆን የተመረጠችው ድሬዳዋ ናት።

ይህ የሆነው በ1968 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሁለት ዓመት አልሞላም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት እኚሁ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ውድድሩ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቆየ። አንደኛው ምድብ፣ ኢትዮጵያ ያለችበት፣ አዲስ አበባ ላይ ተጫወተ። ሁለተኛው ምድብ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ሱዳንንና ዛየርን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ስታዲየም ወረደ።

ዛየር ያን ጊዜ ተራ ቡድን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደ፣ በዚያው ዓመት ምዕራብ ጀርመን ላይ በዓለም ዋንጫ የተሳተፈ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን ናይጄሪያ 4 ለ 2 አሸነፈው፤ ሞሮኮ 1 ለ 0 ረታው፤ ከሱዳንም ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ዋንጫውን ይዞ የመጣው ቡድን አንድ ጨዋታ ሳያሸንፍ ከድሬ ተሰናበተ። ሞሮኮ ከሱዳን ጋር 2 ለ 2 ከተለያየ በኋላ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፎ የምድቡ መሪ ሆነ፤ ናይጄሪያም ሱዳንን 1 ለ 0 ረትቶ አብሮት አለፈ። የዚያ ዓመት ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ ያለፉት አራት ቡድኖች በነጥብ ተወዳደሩ። አዲስ አበባ ላይ በመጨረሻው ቀን ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። የሞሮኮ የድል ጉዞ የተጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነው።

ወደ 18 ሺህ ሰው የሚይዘው የድሬዳዋ ስታዲየም ስድስት የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታዎችን አስተናገደ። ለክፍለ ሀገር ከተማ ይህ ትልቅ ክብር ነበር። ሆቴሉ፣ ሐኪም ቤቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ስታዲየሙ አራት ብሔራዊ ቡድኖችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ መቻላቸው ታየ። ሊጉ ከ45 ዓመት በኋላ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲመጣ ከተማዋ ሥራውን ከድሮ ታውቀው ነበር።

ጦርነት፣ የመጨረሻው ዋንጫና ዝምታው

ዓመት ተኩል ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ፤ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። በነሐሴ ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ከተማዋ ጥቃቱን መክታ ተረፈች፤ ቢሆንም ከኢሳና ከጉርጉራ ቆላ እስከ ሐረር ደጋ ድረስ ያለው አገር ሁሉ ቆስሏል። ከጅቡቲ በባቡር ይገባ በነበረው ንግድ የምትኖር ከተማ ባቡሩ ሲቆም ምን እንደምትሆን የቀፊራ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ኮተን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1983፣ ከአራተኛው ዋንጫ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቆ፣ የኢትዮጵያን ዋንጫ ለአምስተኛ ጊዜ አነሳ። ከዚያ ወዲህ የድሬዳዋ ክለብ የሀገሪቱን ሻምፒዮንነት አግኝቶ አያውቅም። የአንድ ከተማ ኳስ በአንድ ቀን አይሞትም። ፋብሪካው ሲደክም ቡድኑ ይደክማል፤ ባቡሩ ሲቀንስ ከተማው ይቀዘቅዛል፤ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ጊዜው በዚህ ዓይነት አለፈ።

ፕሪሚየር ሊግና የክልል ከተሞች

በ1990 ዓ.ም. አዲሱ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ የሚጫወቱበት ሥርዓት ተዘረጋ። የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ሆነ። ሥርዓቱ ለክልል ከተሞች በር ከፈተ። በ1996 ሐዋሳ ከተማ ዋንጫውን ወሰደ፤ በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን ከአዲስ አበባ ውጪ የመጣ የመጀመሪያው ሻምፒዮን እርሱ ነው፤ በ1999ም ደገመው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ተከተለ።

በነዚህ ዓመታት ድሬዳዋ ሌላ ፈተና ነበረባት። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን መታ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በወንዙ ዳር የነበሩ ሰፈሮች ተጠርገው ሄዱ። ከተማዋ ሐዘኗን ተሸክማ ድልድይዋንና ገበያዋን መልሳ ሠራች። በኳሱ በኩል ድሬዳዋ ከተማ፣ ደጋፊው ብርቱካናማዎቹ የሚላቸው፣ በ2008 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። ድሬ ከታላላቆቹ ክለቦች ጋር በሜዳዋ መጫወት ጀመረች። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች በአውቶቡስ ሲመጡ የድሬ ልጆች በከተማቸው ስም የሚጮሁለት ቡድን ነበራቸው።

የሜዳና የተጋጣሚ ሜዳ ሥርዓቱ ግን ከባድ ሸክም ይዞ ነበር። በ2010 እና በ2011 የፖለቲካው ውጥረት ስታዲየም ገባ። የክለብ ስም የብሔር ስም ሆኖ የታየበት፣ አንዳንድ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄድ የተገደደበት፣ ደጋፊ ከከተማው ውጪ ለመሄድ የፈራበት ጊዜ ነበር። ሊጉን ለማስተዳደር ክለቦቹ ባለአክሲዮን የሆኑበት ሊግ ካምፓኒ የተቋቋመው በዚህ ሰሞን ነው። ከዚያ ኮሮና መጣ። በሚያዝያ 2012 የዚያ ዓመት ውድድር ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ።

ሊጉ ሲንቀሳቀስ

በ2013 መጀመሪያ ሊግ ካምፓኒው ከሱፐርስፖርት ጋር ለአምስት ዓመት የሚቆይ፣ 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የስርጭት ስምምነት አደረገ። የኢትዮጵያ ሊግ ሙሉ በሙሉ በቀጥታ በዲኤስቲቪ የሚታይበት የመጀመሪያው ዘመን ነው። ይህን ለማድረግ ካሜራው፣ የስርጭት መኪናውና ባለሙያው በየሳምንቱ ስድስትና ሰባት ከተማ መዞር አይችሉም። ወረርሽኙም ቡድን ሁሉ በየከተማው እንዲዘዋወር አይፈቅድም ነበር። መፍትሔው ሊጉን በአንድ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ ማስፈር ሆነ።

ይህ መላ በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ ይታይ ነበር። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ከ2012 ክረምት ጀምሮ 22 ቡድኖችን ፍሎሪዳ ላይ በአንድ ግቢ ሰብስቦ ውድድሩን ጨረሰ። አዲሱ የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግም በግንቦት 2013 አሥራ ሁለቱን ክለቦች ኪጋሊ ላይ ሰብስቦ ተጀመረ፤ ዛማሌክም የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ያ ሊግ ዳካርን፣ ካይሮንና ኪጋሊን እያዳረሰ ተካሄደ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቅርጫት ኳሱ ሊግ ሲጀመር አስቦ በከተማ እየሰፈረ የሚጫወት ሆኖ ተፈጠረ፤ የእኛ ሊግ ግን ቤት የነበራቸውን ክለቦች ከቤታቸው አውጥቶ ነው ጉዞ የጀመረው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ውድድሩ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተከፈተ። የትግራይ ክለቦች በክልሉ በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት ስላልነበሩ ተሳታፊዎቹ 13 ሆኑ። ሊጉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ባህር ዳር ተሻገረ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ቡድኑ ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ፤ የሕዝቡ ስሜት ለኳስ በጋለበት በዚህ ጊዜ ሊጉ ወደ ድሬ ወረደ።

ጊዜው ሚያዝያ ነው። በድሬ ሚያዝያ የሙቀቱ ወራት መግቢያ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሙ ረመዳን በአንድ ወር ተገናኝተዋል። ከቀኑ ሐሩር ለመሸሽ ጨዋታዎቹ ወደ አመሻሹና ወደ ምሽት ተገፉ፤ ስታዲየሙ በፓውዛ መብራት ጨዋታ አስተናገደ። ከደጋ የመጡ ክለቦች ትንፋሻቸውን ለቆላው አየር ማስለመድ ነበረባቸው። ሙቀቱን የለመደው የድሬ ተጫዋች ጥቅም እንዳለው ቢታሰብም በሳምንታት ቆይታ ሁሉም ይለምደዋል። ተመልካቹ በወረርሽኙ ሕግ የተገደበ ነበር፤ ቢሆንም የሊጉ ኮከቦች በሙሉ በአንድ ከተማ ሆቴሎችና ልምምድ ሜዳዎች ተሰብስበው ነበር። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጎል ባገባ ቁጥር ቀፊራ ላይ በዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠው ወጣት ያየው የአርሴናልን ወይም የማንቸስተርን ሳይሆን የሀገሩን ልጅ ነው። ለኢትዮጵያ ኳስ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ለከተማዋም ጥቅም ነበረው። 13 ክለብ ማለት ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪምና ሾፌር ያለው 13 ልዑክ ነው። ሁሉም ይበላል፣ ያድራል፣ በባጃጅ ይንቀሳቀሳል። ለእነርሱ የሚቀርበው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሙዝ የሚመጣው ከገበያ ነው፤ በድሬ ገበያ ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት ቀፊራ ነው። ሊጉ ወደ ክልል ከተማ ሲሄድ የሚተርፈው ነገር ከስታዲየሙ አጥር ውጪ ብዙ ቤት ይደርሳል።

ከድሬ በኋላ ሊጉ ሐዋሳ ላይ ተጠናቀቀ። ሻምፒዮኑ ፋሲል ከነማ ሆነ፤ ለጎንደሩ ክለብ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። ሜዳው በየከተማው ሲዞር ሻምፒዮኑም ከክልል ከተማ ወጣ።

ስታዲየም ያጣች ሀገር

ሥርዓቱ ከወረርሽኙ በኋላም ቀጠለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ድሬዳዋ ከባህር ዳር፣ ከአዳማና ከሐዋሳ ጋር ከአስተናጋጆቹ ተርታ ገባች። በዚህ መካከል የሀገሪቱን ኳስ ያሳፈረ ነገር ተከሰተ። በ2014 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ስታዲየሞች መስፈርት አላሟሉም ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ በሜዳው እንዳይጫወት አገደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። ጨዋታው በወረቀት ላይ የኢትዮጵያ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በ1968 ሁለት ከተማ አዘጋጅታ አፍሪካን የጋበዘች ሀገር ከ46 ዓመት በኋላ የራሷን ድል የምታከብርበት ሜዳ አጣች።

ሊጉን ወደ ክልል መውሰድ ያለው አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህን ማስተካከል ነው። ከተማ ሊግ ሲያስተናግድ ሣሩ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱና የተመልካች መውጫ በሩ በየሳምንቱ ይፈተናሉ። ማን እንደሚጠግን፣ በማን በጀት እንደሚጠገን ይታወቃል። በጥቅምት 2017 ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ2029 የአፍሪካ ዋንጫን ለማዘጋጀት ፍላጎቷን አሳወቀች። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብ ሀገር አንድ ስታዲየም ብቻ ይዞ አይነሳም። ዝግጁ የሆኑ የክልል ከተሞች ያስፈልጉታል፤ ድሬዳዋም ያን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርታ አሳይታለች።

ማስተናገድና ባለቤት መሆን

ይሁን እንጂ እንግዳ መቀበል ኳስን የራስ ከማድረግ ጋር አንድ አይደለም፤ የድሬ ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። በስድስቱ የድል ዓመታት ከተማዋ ሁለት ክለብ ነበራት። ሁለቱም ባለቤት ነበራቸው፤ ባለቤቶቹም ከተማዋ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጭሳቸው ከቀፊራ የሚታይ ፋብሪካዎች ነበሩ። ተጫዋቹ የከተማዋ ሠራተኛ፣ ተመልካቹ የሠራተኛው ጎረቤት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ የክልል ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። በጀት ሲጠብ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ተጫዋች ይሄዳል። ሊጉ ከተማ እየቀያየረ ሲሄድ ደግሞ ክለቡ ከደጋፊው ጋር የሚገናኘው ውድድሩ ወደ ከተማው ሲመጣ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ የጎንደሩ ደጋፊ ፋሲልን፣ የድሬው ደጋፊ ብርቱካናማዎቹን በቴሌቪዥን ያያል። የመግቢያ ትኬት፣ የማልያ ሽያጭ፣ የሰፈር ልጆች ልምምድ የሚያዩበት አጥር ሁሉ ይጠፋል።

ስለዚህ በከተማ እየሰፈሩ የመጫወቱ ሥርዓት ለወረርሽኝና ለስጋት ጊዜ የተገኘ መልካም መላ ነበር፤ ለዘለቄታው ግን ድልድይ መሆን ይገባዋል። ክለቦች ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ቀን እንዲመጣ ሦስት ነገር አብሮ መሠራት አለበት። ስታዲየሞቹ ለካሜራና ለተመልካች ደኅንነት ብቁ ይሁኑ። ክለቦቹ ከከተማ በጀት ውጪ ገቢ የሚያገኙበት፣ እንደ ዱሮው ፋብሪካ በከተማዋ ውስጥ ሥር ያለው ባለቤት ይኑራቸው። ደጋፊም በሌላው ከተማ ስታዲየም ውስጥ በሰላም ተቀምጦ በሰላም የሚመለስበት ሁኔታ ይፈጠር። ይህን ድሬዳዋ ለሌሎቹ ልታስተምር ትችላለች። አምስት ቋንቋ በሚነገርበት ገበያ ያደገ ሰው ከሌላ ከተማ የመጣን ደጋፊ እንግዳ እንጂ ጠላት ብሎ አይቀበለውም።

ሊጉ በየከተማው ሲሰፍር ብዙ ሰው ታላላቅ ጨዋታዎችን በአቅራቢያው አየ፤ ይህ ያስመሰግናል። የመጨረሻው መለኪያ ግን ስንት ከተማ ሊጉን አስተናገደ የሚለው ሳይሆን ስንት ከተማ ሊያሸንፈው ይችላል የሚለው ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ዘመን ሐዋሳ፣ ጅማ፣ መቐለና ጎንደር ይህን አድርገውታል። ከነርሱ ሁሉ በፊት ስድስት ጊዜ በተከታታይ ያደረገችው ድሬዳዋ ስሟ ከዚህ ዝርዝር እስከ ዛሬ መጥፋቱ ሊቆጫት፣ መልሳ ማስገባቱም የአስተዳደሯ፣ የነጋዴዋና የልጆቿ የጋራ ሥራ ሊሆን ይገባል።